አሉሚኒየም የለበሰው ዲፍሪዘራችን እና ወይ ፍንክች የሚለው በረዶ

ዲፍሪዘር ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ፣ በተለይ ቆላ ላይ ሱቅ ካላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። የማወራው ክዳኑ ወደ ላይ ስለሚከፈተው ዓይነት ነው። ሸዋሮቢት ሱቃችን ውስጥ ከገባ ከርሟል። ውሃ፣ ለስላሳ፣ በፌስታል የምንሸጠው በረዶ፣ በዓል ሲሆን ደግሞ የግማሽ ሰፈር ሥጋ ያድርበታል። የብራንዱን ስም አልጽፍም። የማነሳው ጣጣ የአንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለም፣ ግድግዳው አሉሚኒየም የሆነ ዲፍሪዘር ሁሉ ይጋራዋል። ዋጋውንም አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት አይቆይም።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን ላውራ። ያቀዘቅዛል፣ ያውም የምር። ማታ የገባ ውሃ ጠዋት በረዶ ሆኖ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ድምፁ አይረብሽም። ቁልፍ አለው፣ ሱቅ ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። መብራት ሲሄድ ሞልቶ ከሆነ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል፣ ግማሽ ሲሆን ግን ቶሎ ይሸነፋል፣ ስለዚህ ዕቃ ሲያንስ ክፍት ቦታውን ውሃ በሞሉ ፌስታሎች እንሞላዋለን። ለፍጥነቱ አሉሚኒየሙም ድርሻ አለው። ሙቀት በማስተላለፍ ከማይዝግ ብረት ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ከግድግዳው ጀርባ የተጠመጠመው ቱቦ ሙቀቱን ከውስጥ ቶሎ ይስባል። ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠ ፌስታል መሃል ላይ ካለው ቀድሞ የሚደርቀውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጣጣው። በረዶ። የምንሸጠውን አይደለም የምለው፣ ግድግዳው ላይ የሚጋገረውን ነው።

ደብረ ብርሃን የሸጠልን ልጅ «እህቴ፣ ይሄ በረዶ አይዝም፣ ኖ ፍሮስት ነው» ብሎኝ ነበር። «ማራገቢያው የታለ ታዲያ?» አልኩት። ሳቀ። እውነተኛው ኖ ፍሮስት ውስጡ አየር የሚነፋ ማራገቢያ አለው፣ አየሩ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎችም ይታያሉ። የሚቀዘቅዘው የምታዩት ግድግዳ ሳይሆን ከጀርባው የተደበቀ ክፍል ነው፣ እዚያ ላይ የሚይዘውን በረዶ ደግሞ ማሞቂያ በየተወሰነ ሰዓቱ ያቀልጠዋል። የእኛው ዓይነት ይሄ ሁሉ የለውም፣ ግድግዳው ራሱ ነው ማቀዝቀዣው። ሻጭ ምንም ቢል ክዳኑን ከፍታችሁ ማራገቢያና ቀዳዳ ፈልጉ። ከሌለ በረዶ ይይዛል፣ አለቀ። እኛ ይህን እያወቅን ነው የገዛነው፣ በረዶ ለሚሸጥ ሰው ቀጥታ የሚቀዘቅዝ ግድግዳ ይሻላል፣ ዋጋውም ይቀላል።

ጉዳዩ የሚገርመው ወንድሜም ደብረ ብርሃን ሥጋ ቤቱ ውስጥ ያንኑ ዕቃ መግዛቱ ነው። አንድ ዓይነት ዲፍሪዘር፣ ሁለት የተለያየ ጠባይ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋሮቢት ደግሞ 1,300 አካባቢ። ጣርማበርን ወርዳችሁ ደብረ ሲናን ስታልፉ ጃኬት ማውለቅ የምትጀምሩት ለዚህ ነው። እኛ ጋ 30 ዲግሪ ማለፉ ብርቅ አይደለም። እርጥበት የጠገበ አየር 30 ዲግሪ ላይ በአንድ ሜትር ኩብ 30 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፣ 10 ዲግሪ ላይ ግን ከ10 ግራም ያንሳል። ስለዚህ ክዳን በተከፈተ ቁጥር የእኛው ሞቃት አየር ውሃውን ይዞ ይገባል፣ ግድግዳው ላይ ያራግፈዋል። ሱቅ ደግሞ ክዳን የማይከፈትበት ሰዓት የለውም። አንዱ ሃይላንድ ይላል፣ ሌላው በረዶ ይላል፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ ከፍቶ ያያል። ወንድሜ ጋ በረዶው ቀስ ብሎ ነው የሚሰበሰበው። ማውለቁ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

በረዶ ስል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አመዳይ ነው። ነጭ፣ ለስላሳ፣ በጥፍር ሲነኩት የሚረግፍ። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ ህዳርና ታህሳስ ጠዋት የመኪናው ጣሪያ፣ ቆርቆሮው፣ የአጥሩ ሽቦ ሁሉ ነጭ ለብሶ ያድራል፣ ግን በመዳፍ ስትጠርጉት ይነሳል። አየር ላይ ያለው እርጥበት ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ብናኝ በረዶ ሆኖ ስለሚያርፍ ውስጡ አየር ነው፣ ብረቱን የሚነካውም በጥቂቱ ነው። ሁለተኛው ጥርት ያለው፣ ጠንካራው፣ እኔ ግግር የምለው ነው። ይሄ ፈሳሽ ውሃ ሆኖ ብረቱን ካጠበ በኋላ የደረቀ ነው። የአሉሚኒየሙ ጭረት ውስጥ ሁሉ ይገባል፣ እዚያው ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ወይ ፍንክች።

አመዳይን ወደ ግግር የሚቀይረው ማነው? እኛ አገር መልሱ አጭር ነው፦ መብራት። መብራት ሄዶ ሲቆይ አመዳዩ ይረጥባል፣ ይሟሟል፣ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። ሲመጣ ያው ውሃ እንዳለ ይደርቃል። አንድ ጣት ውፍረት የነበረው ለስላሳ ነገር ቀጥኖ ይጠብቃችኋል፣ ሲያዩት ያነሰ ይመስላል፣ ሲነኩት ግን ሌላ ነገር ሆኗል። መብራት የማይጠፋበት አገር የተጻፈው መመሪያ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም።

ይሄ በረዶ ምን ያህል ነው የሚጣበቀው? ሰው ሁሉ «ትንሽ ገፋ ብታደርጊው ይወጣል» ስለሚል ቁጥሩን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች በባዶ ብረት ላይ የደረቀን በረዶ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ላይ በጎን እየገፉ ለክተውት ነበር። ለመላቀቅ የፈለገው በአማካይ ወደ 700 ኪሎ ፓስካል ነው። በእኛ ቋንቋ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 7 ኪሎ ግራም ያህል። መዳፍ የምታህል፣ 10 በ10 ሴንቲሜትር የሆነች ቁራጭ ካለች 7 ኩንታል ማለት ነው። ቁጥሩ እንደ ብረቱ ልስላሴና እንደ አለካኩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ በተግባርም በረዶው ከጠርዙ መሰንጠቅ ስለሚጀምር ሙሉ 7 ኩንታል አትገፉም። ግን ለምን በክርን እየገፋችሁ እንደምትደክሙ ይገባችኋል።

የበለጠ የሚያስገርመኝ ግን ሌላው ነው። ራራቲና ታቦር የተባሉ የካምብሪጅ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1958 እንዳሳዩት ብረቱ ንጹህ ከሆነ ሲመታ የሚሰበረው መጋጠሚያው ሳይሆን በረዶው ራሱ ነው። በዓመቱ ጄሊኔክ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ በማይዝግ ብረት ላይ ሞክሮ፣ ከዜሮ እስከ 13 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች ድረስ ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር ማጣበቁ እየበረታ እንደሚሄድ አገኘ። ከዚያ በታች ግን መጋጠሚያው ከበረዶው ይጠነክራል፣ የሚሰበረው በረዶው ነው። ዲፍሪዘር የሚሠራው ደግሞ 18 ከዜሮ በታች ላይ ነው! እየሠራ ያለ ዲፍሪዘር ግድግዳ የሚደበድብ ሰው እንግዲህ በረዶ ከበረዶ ነው የሚለየው። ላዩ ይፈነጠራል፣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፣ ብረቱን የያዘው ስስ ሽፋን ግን እዚያው ነው።

ዋናው ግምገማዬ ይሄው ነው። ይህን ዕቃ በጉልበት ልታሸንፉት አትችሉም፣ አትሞክሩ።

ከሱቃችን ጎን ቡና የሚሸጡ እናት አሉ። የእሳቸውን ዲፍሪዘር የሚያግዛቸው ልጅ በካቻቢቴ ፈለፈለው። «ሽሽሽ» ሲል ሁላችንም ሰማን። ጋዙ ነው። ከሰሉ እዚያው አጠገብ እየነደደ ነበር፣ ደግነቱ የእሳቸው አሮጌ ስለሆነ አር 134 ኤ የሚባለው፣ እሳት የማይይዘው ጋዝ ነው ያለው። አሁን የሚመጡት አብዛኞቹ ላይ አር 600 ኤ ነው የተጻፈው። እሱ አይሶቡቴን ነው፣ ከማብሰያ ጋዝ ዘመድ ነው፣ ይቀጣጠላል። ከኋላ ያለውን ተለጣፊ እዩት፣ የእሳት ምልክት ካለው ቢላና ካቻቢቴ ከአጠገቡ ይራቁ። ድንገት ከተበሳ በርና መስኮት መክፈት፣ እሳት ማጥፋት፣ ማብሪያ ማጥፊያ አለመነካካት።

ጥገና የመጣው ልጅ ግድግዳውን አየና «እማማ፣ ይሄ ከእንግዲህ አይሆንም» አላቸው። «ጋዝ ብትሞላበትስ ልጄ?» «ቀዳዳው ከተደፈነ ነው ጋዝ የሚሞላው። ቱቦው ያለው ፎሙ ውስጥ ነው፣ ፎሙን ስቀድ ዲፍሪዘሩ አብሮ ይሄዳል።» ልክ ነው። በዚህ ዓይነቱ ላይ ቱቦው ከውስጠኛው ግድግዳ ጀርባ ተጣብቆ በፎም ተሞልቶ ነው የሚዘጋው። አሮጌዎቹ ባለ አንድ በር ፍሪጆች ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ፤ የላይኛዋ ትንሿ ክፍል ራሷ ስስ አሉሚኒየም ናት፣ ጋዙ የሚሄደው በሉሁ ውስጥ በተነፋው መንገድ ነው፣ ቢላ ሲያልፍ ቀጥታ ጋዙ ላይ ነው። የእማማ ዲፍሪዘር አሁን የሽምብራ ማስቀመጫ ነው። አይጥ እንዳይገባበት ክዳኑ በደንብ ይገጥማል ይላሉ፣ ከእኛው ይሻላል ማለት ነው፣ ስለ እኛ ጎማ ኋላ አወራለሁ።

ታዲያ እንዴት ይወጣል? በማቅለጥ። ግን ሁሉንም አይደለም። ስሌቱን ተመልከቱ። አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ግግር ካለ 4.6 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ብረቱን የነካው የመጀመሪያው 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከቀለጠ ግን ሥራው 50 እጥፍ ያንሳል፣ የቀረው ሳይቀልጥ በሉህ በሉሁ ይወርዳል። የእኛ አየር መንገድ የሚያበረው ቦይንግ 787 የክንፉን ግንባር ከውስጥ በኤሌክትሪክ የሚያሞቀው በዚሁ ብልሃት ነው፤ መጋጠሚያውን ለቀቅ ሲያደርጉት የቀረውን ነፋሱ ይወስደዋል። እኛ ነፋስ የለንም፣ የእንጨት ማማሰያ አለን።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ሶኬቱን ንቀሉ። ዕቃውን አውጥታችሁ አንድ ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ እርስ በርሱ ይቀዛቀዛል። ክዳኑን ክፈቱ። የፈላ ውሃ በድስት አድርጋችሁ ከሥሩ ጣውላ ወይም ወፍራም ጨርቅ ዘርግታችሁ ውስጥ አስቀምጡ፣ ክዳኑን መልሱት። የፈላ ውሃ ግድግዳው ላይ ቀጥታ አትድፉ፣ የፀጉር ማድረቂያም አታስገቡ፣ ሥሩ ውሃ ነው ያለው። ከዚያ ጠብቁ። ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይመጣል። በረዶ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከአሉሚኒየም 2 እጥፍ ያህል ይለጠጣል ይሰበሰባል፣ ከብረት ደግሞ 4 እጥፍ ያህል፣ ስለዚህ ተጣብቆ እያለ እርስ በርሱ ይሳሳባል፣ ይሰነጠቃል። ድምፁን ከሰማችሁ በኋላ ግግሩን ከላይ ከጠርዙ በእንጨት ገፋ አድርጉት፣ ካልመጣ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ተዉት፣ ቡናችሁን ጠጡ። ሲደርስ ራሱ ይመጣል።

እዚህ ላይ ነው የደብረ ብርሃኑ ነገር የሚገለበጠው። እኛ ጋ ክዳን ከፍተን ቁርስ በልተን ስንመለስ ግማሹ ወርዷል። ወንድሜ ጋ ግን ሥጋ ቤቱ ራሱ ብርድ ነው፣ በተለይ በክረምትና በህዳር፣ ሙሉ ቀን ከፍቶት ውሎ ማታ ገና ጠርዙ ነው የሚንጠባጠበው። እሱ ያለ ፈላ ውሃ አይሆንለትም። ጾም ሲገባ ነው የሚያጸዳው፤ ሥጋ ቤቱ ባዶ ስለሚሆን ቀኑን ሙሉ ቢውል ግድ የለውም። ሁዳዴ ዋዜማ ደብረ ብርሃን ሥጋ ቤት ያለው ሁሉ ይህንኑ ቢያደርግ ደስ ይለኛል።

እኛ የምናደርገው ሌላ ነገር አለ፣ ማንም የነገረን አይደለም፣ ከመብራት መጥፋት የተማርነው ነው። መብራት ሄዶ ቆይቶ አመዳዩ መርጠብ ሲጀምር፣ ያ ሰዓት የወርቅ ሰዓት ነው። ያኔ ፋቁት። መጋጠሚያው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለደረሰ ይዞታው ላልቷል፣ መብራት ተመልሶ ግግር እስኪያደርገው አትጠብቁ። እርግጥ ውስጡ ሥጋ ካለ ክዳን መክፈቱ ራሱ ኪሳራ ነው፣ በዚያ ጊዜ ተዉት ይዘጋ። ውሃና ለስላሳ ብቻ ከሆነ ግን ምንም አትሰስቱ፣ ፋቁ፣ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ፣ ዝጉ።

አመዳዩ ግማሽ ሴንቲሜትር ሳይሞላ ማንሳት ነው ደንቡ። ከዚያ ካለፈ ዲፍሪዘሩ ከውስጥ ጋቢ ለብሷል ማለት ነው፣ ሙቀቱ ከዕቃው ወደ ግድግዳው አልፎ አይወጣም፣ ኮምፕረሰሩ ሳያርፍ ይሠራል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ ውሃው ግን ለብ እንዳለ ይቀራል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ጋዝ አልቆበታል» ብሎ ባለሙያ ይጠራል። መጀመሪያ በረዶውን አንሱለትና እዩት።

ከካርቶኑ ውስጥ የወጣችው የፕላስቲክ መፋቂያ ለአመዳይ ጎበዝ ናት። ለግግር ግን ቀልድ ናት፣ ጫፏ ይታጠፋል። እንደዚያ መሆኗ ጥሩ ነው፣ ከብረት ቢሠሯት ስንቱ ዲፍሪዘር የሽምብራ ማስቀመጫ በሆነ።

«ግድግዳውን ዘይት ቀቢው» ያሉኝም አሉ። ምክሩ ውሸት አይደለም። ቅባት በውሃውና በብረቱ መካከል ስለሚገባ ይዞታውን ያላላል። ግን በረዶው ሲወርድ ዘይቱን ይዞት ይወርዳል፣ እንደገና መቀባት ነው፣ ዘይት እንዲህ በተወደደበት ዘመን። ሽታውም ሥጋ ላይ ይገባል። እኔ አልመክርም። ጨው የሚነሰንሱ ደግሞ አሉ። በረዶን ማቅለጡ እውነት ነው፣ በደንብ የጠገበ የጨው ውሃ እስከ 21 ከዜሮ በታች ድረስ አይደርቅም። ግን አሉሚኒየምን ይበላዋል። ጭረት ያለበት ቦታ ላይ ጨው ማስተኛት ከካቻቢቴው የዘገየ መብሳት ነው።

ሌላው ራስ ምታት የፌስታሎቹ መጣበቅ ነው። እርጥብ ፌስታል ግድግዳ አስደግፋችሁ ካስቀመጣችሁ ጠዋት ስትስቡት ፌስታሉ ይቀደዳል፣ በረዶው ይቀራል፣ ደንበኛው ይስቃል። ውጪውን በጨርቅ አድርቃችሁ አስገቡ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከግድግዳው በጣት ያህል አርቁት፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ። የለስላሳ ቆርቆሮም እንዲሁ ነው፣ እሱ እንዲያውም ብረት ለብረት ስለሆነ መሃሉ የገባችው ጠብታ ከሁለቱም ጋር ትማማላለች። በብረት ትሪ ውሃ የምታደርቁ ከሆነ በረዶውን አትቆርቁሩት፣ ትሪውን ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ ለብ ያለ ውሃ ለቀቅ አድርጉ። ልጆች እርጥብ እጃቸውን ግድግዳው ላይ እንዳይለጥፉ ተጠንቀቁ፣ ምላስ እንዳይሞክሩማ። ከተያዘ አትጎትቱ፣ ቆዳ ይነሳል፣ ለብ ያለ ውሃ ማፍሰስ ብቻ ነው።

ስለ ግድግዳው አንድ ነገር ልጨምር፣ ለምርጫ ይጠቅማችኋል። የእኛው አሉሚኒየም ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ነው፣ ጥቃቅን እብጠቶች አሉት። ያምራል፣ ጭረትም አያሳይም። በረዶ ግን እንዲህ ያለውን ይወዳል፣ በየጉድጓዷ ይገባና ይነክሳል። አክስቴ ቤት ያለው ደግሞ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ልሙጥ ብረት ነው። ማቀዝቀዙ ከእኛው ትንሽ ይዘገያል መሰለኝ፣ ግን በረዶው ሲለቅ ጥርግ ብሎ ነው የሚለቀው። በረዶ ለመሸጥ የምትገዙ ከሆነ ጎርባጣውን አሉሚኒየም አልቃወምም፣ ቶሎ ያደርቃል። ለቤት፣ ለሥጋ፣ ክዳን በቀን ጥቂት ጊዜ ለሚከፈትበት ቦታ ልሙጡን ውሰዱ። ደብረ ብርሃን ያለ ሥጋ ቤት ልሙጡን ቢገዛ ኖሮ በጾም ዋዜማ ግማሽ ድካሙ ይቀርለት ነበር፣ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፣ አልሰማም።

የገዛንበትን ሱቅ በተመለከተ፣ ያ የሸጠልን ልጅ ኖ ፍሮስት ከማለቱ በቀር አልከፋም። አይሱዙው ላይ ቆሞ አስጫነልን፣ አስተኝተን ልንወስደው ስንል እሱ ነው የከለከለን። ጣርማበርን ስንወርድ ግን ያ ሁሉ ኩርባ ነው፣ ተንገጫግጯል። ቆሞም ቢመጣ ቤት እንደደረሰ ወዲያው አትሰኩት፣ ጥቂት ሰዓት ይረፍ፣ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው ይመለስ። ተኝቶ ከመጣ ደግሞ ማደር አለበት። ስታቢላይዘር ለብቻ ገዝተናል፣ ከእሱ ጋር አይመጣም፣ እዚህ ያለ እሱ አይሞከርም።

አሁን ቅሬታዎቼ። ማፍሰሻ ቀዳዳው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው፣ ስለዚህ የመጨረሻው ውሃ አይወጣም፣ በጨርቅ መጭመቅ ነው። ያን ውሃ ትታችሁ ብትሰኩት ወለሉ ላይ አንድ ወጥ ግግር ይሆንና በሚቀጥለው ጊዜ ከግድግዳው ይብሳችኋል። ማን ነው ይህን የነደፈው? የሽቦ ቅርጫቱ አንድ ብቻ ነው፣ ሁለት ያስፈልግ ነበር። የክዳኑ ጎማ ደግሞ ከማጠፊያው በኩል ቶሎ ላላ። ወረቀት አስገብታችሁ ክዳኑን ዝጉና ሳቡት፣ ያለ ምንም ትግል ከወጣ አየር ይገባል፣ አየር ከገባ አመዳይ ነው። እኛ ጋ በረዶው በብዛት የሚጀምረው ልክ ከዚያች ከላላችው ማዕዘን ሥር ነው። ለብ ባለ ሳሙና ውሃ ማጠብና በሙቅ ጨርቅ ማለስለስ ለጊዜው ይረዳል፣ መለወጫ ጎማ ግን በልኩ ማግኘት መከራ ነው።

እገዛለሁ ወይ ብትሉኝ፣ ለሸዋሮቢት ሱቅ አዎ፣ እንደገና እገዛዋለሁ። ለቤት አልገዛም። ስትገዙ ማፍሰሻው ላይ ያለችውን የጎማ ውታፍ አንድ ትርፍ ጨምርልኝ በሉት፣ በመጀመሪያው ጽዳት ነው የምትጠፋው፣ ለብቻዋ ደግሞ ደብረ ብርሃንም አዲስ አበባም ፈልገን አጥተናታል፣ አሁን በጨርቅና በፌስታል ነው የወተፍነው።